«0 ውጤት»፦ ላይብረሪያኖች የሚያስተምሩት፣ እኛ ያልጻፍነው ኮድ

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ፍራንክፈርት ኢነንሽታት፣ ሃዘንጋሰ ከሚገኘው የከተማው ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ላፕቶፔን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ የእህቴ ልጅ አለች። 16 ዓመቷ ነው፤ የተወለደችው እዚሁ ነው። እናቷ ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ስታወራ እየሰማች ስላደገች አሁን ራሷ ልታነበው ፈልጋለች። በስልኳ የአንድ ሌላ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ከፍታ «ሀዲስ አለማየሁ» ብላ ጻፈች።

0 ውጤት።

«አጎቴ፣ የለም እኮ» አለችና ስልኳን ኪሷ ከተተች።

መጽሐፉ ግን ነበር። ማታ ቤት ገብቼ ብዙ ከሞከርኩ በኋላ አገኘሁት። የተመዘገበው በላቲን ፊደል ብቻ ነው፤ ያውም ምሁራን በሚጠቀሙበት፣ አንዳንዱ ሆሄ ከሥሩ ነጥብ፣ አንዳንዱ ከላዩ ሰረዝ በሚይዝበት አጻጻፍ። በስልክ ኪቦርድ እንዲህ አድርጎ የሚፈልግ የ16 ዓመት ልጅ የለም።

ነገሩን አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ላይብረሪያን ለሆነች ጓደኛዬ በቪዲዮ ነገርኳት። ሳቀች። «ይሄንን እኮ ነው በየሴሚስተሩ የማስተምረው» አለችኝ።

ኮቪድ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የክፍል ትምህርትን ሲያቋርጥ፣ እሷና የሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ባልደረቦቿ በኦንላይን እንዴት እንደሚያስተምሩ መመካከር ጀመሩ። ስላይድ ይለዋወጣሉ፤ አንዷ የቀረጸችውን አጭር ቪዲዮ ሌላው ለራሱ ተማሪዎች ያሳያል። ያን ጊዜ የገባቸውን ነገር እንዲህ ስትል ነገረችኝ፦ «ተማሪው ጠረጴዛዬ ድረስ ሲመጣ አጻጻፉን እኔ በልቤ አርሜ እፈልግለት ነበር። ኦንላይን ሲሆን ግን የሚያርምለት የለም። ዜሮ ያያል፣ ይዘጋዋል፣ እኔም አላውቅም።»

ልብ በሉ፤ የፍለጋ ሲስተሙ የጎደለውን ሥራ ሰው ነበር የሚሠራው ማለት ነው። ከዚያ ስላይዶቿን ላከችልኝ። እኔ የማስተማሪያ ስላይድ ሳይሆን የባግ ሪፖርት ሆነው ታዩኝ።

ስላይድ 4፦ «በሀ ካጣችሁት በሐ ሞክሩ»

የደራሲው ስም «ሐዲስ ዓለማየሁ» ተብሎም ይጻፋል። ለኮምፒውተር ሀ እና ሐ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። መፍትሔው ሞክሼ ፊደላትን በኢንዴክሱ ውስጥ ወደ አንድ ማምጣት ነው፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። አምስት ቤት በሰባት ሲባዛ 35 ሕግ ይሆናል፤ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር።

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ዓን ወደ ኣ ቀየርኩና ጨረስኩ አልኩ። ልጅቷ የጻፈችው ግን አለማየሁ እንጂ ኣለማየሁ አይደለም! በአማርኛ አ እና ኣ፣ ሀ እና ሃ በድምፅ አንድ ስለሆኑ እነሱም መገናኘት አለባቸው። በጠቅላላው 37 ሕግ። የድሮ መጻሕፍት በቃላት መካከል የሚያስገቡትን ሁለት ነጥብም ወደ ባዶ ቦታ ቀይሩት።

አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ይህ ለኢንዴክሱና ለፍለጋው ቃል ብቻ ነው። በስክሪን የሚታየው የደራሲው አጻጻፍ አይነካም። «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ የሰው ንብረት ወሰደ ማለት ነውና፣ ልክ በተጻፈው የተገኘው ውጤት ከላይ ይቀመጥ።

ስላይድ 7፦ «በላቲንም ፈልጉ»

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ነው። ብዙ ካታሎጎች ግን ከዚያ በፊት የጀመሩ ናቸው። ማርክ የተባለው የካታሎግ ፎርማት የመጀመሪያውን ፊደል የሚይዝ 880 የሚባል ፊልድ አለው። ፊልዱ ባዶ ከሆነ ግን የእኛ 37 ሕግ ምንም አያገኝም፤ የሚሞላው የአማርኛ አንባቢ ያስፈልጋል።

ስላይድ 9፦ «ስሙን ገልብጣችሁ ሞክሩ»

አንዳንድ ሲስተም የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዳል። እዚሁ ፍራንክፈርትና ላይፕሲክ የሚገኘው የጀርመን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የሚመራው ጌኤንዴ የተባለ የስሞች መዝገብ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል፦ ለአንድ ሰው አንድ መለያ ቁጥር፣ ከሥሩ ሁሉም አጻጻፎች። ስማችሁ «ትክክል» የሚሆንበትን አንድ መንገድ ከመፈለግ ሁሉንም መቀበል ይቀላል።

ስላይድ 11፦ «ዓመቱን 7 ወይም 8 ደምሩ»

በ1958 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. 1965 ወይም 1966 ነው። ሁለቱንም መዝግቡ።

ይህ ሁሉ በእጃችን ያለ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ከኒውዚላንድ የወጣው ኮሃም ሆነ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ የሚሠራበት ዲስፔስ፣ ኮዳቸው ክፍት ነው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2019 የዩኒቨርሲቲ ምርምሮች በነፃ እንዲነበቡ የሚያዝ ፖሊሲ አውጥታለች። ጽሑፉ ተጭኖ ተፈልጎ ካልተገኘ ግን ክፍት ነው ማለት አይቻልም።

37ቱን ሕጎች ለጓደኛዬ ላክኩላት። በሙከራ ሰርቨር ላይ ጭና «ሀዲስ አለማየሁ» ብላ ፈለገች፤ «ሐዲስ ዓለማየሁ» መጣላት። በማግስቱ የላከችልኝ መልእክት አጭር ነበር፦ «ስላይድ 4ን አጠፋሁት።»

የእህቴ ልጅ መጽሐፉን ተውሳ እያነበበች ነው። ያልገባት ቃል ሲያጋጥማት ትደውልልኛለች፤ ግማሹን እኔም አላውቀውም።

እናንተም የምታውቁት ላይብረሪያን ካለ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ለተማሪ ደጋግመህ የምታስተምረው የፍለጋ ዘዴ ምንድን ነው?» ቀጣዩ ፕሮጀክታችሁ መልሱ ውስጥ አለ።