የሰፋነው ቀሚስ ከታጠበ በኋላ ለምን ያጥራል?

ለልደት ስጦታ ብለን በትርፍ ጊዜያችን የሰፋነው የሕፃን ቀሚስ ሲለካ ልክ ይሆናል፤ አንድ ጊዜ ከታጠበ በኋላ ግን አጥሮ ይገኛል። ጥፋቱ የመቀሳችን ነውን? አይደለም፤ ምክንያቱ ከጨርቁ ተፈጥሮ የሚመነጭ ነው።

የጥጥ ቃጫ በአብዛኛው ሴሉሎስ በተባሉ ረጃጅም ሞለኪውሎች የተገነባ ነው። ክሩ ሲፈተልና ሲሸመን ይወጠራል፤ በሞለኪውሎቹ መካከል ያለው የሃይድሮጂን ትስስርም እንደተወጠረ ያቆየዋል። ጨርቁ ሲነከር የውኃ ሞለኪውሎች በመካከል ስለሚገቡ ይህ ትስስር ይላላል፤ ቃጫው ያብጣል፣ ክሩም ውጥረቱን ለቆ ይሰበሰባል። በሽመና ጊዜ ይበልጥ የሚወጠረው በቁመት የሚዘረጋው ድር በመሆኑ፣ ጨርቁ ብዙውን ጊዜ ከማጉ ይልቅ በድሩ አቅጣጫ ያጥራል። የፖሊስተር ክር ግን ውኃ እምብዛም ስለማይመጥ እንደ ጥጥ አይሰበሰብም። በዚህ ክር የሰፋነው የጥጥ ቦርሳ ሲታጠብ ስፌቱ የሚጨማደደው ጨርቁ አጥሮ ክሩ ባለበት ስለሚቀር ነው።

መፍትሔው ጨርቁን ከመቁረጣችን በፊት ማጠብ ነው። ምን ያህል እንደሚያጥር ለማወቅ በድሩ አቅጣጫ 20 ሴንቲ ሜትር ለክተን ምልክት እናድርግ፤ አጥበን ካደረቅነው በኋላ እንደገና እንለካ። 19 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 5 በመቶ አጥሯል ማለት ነው። ይኸው ጨርቅ ሳይታጠብ ቢሰፋ ኖሮ 50 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቀሚስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያጥር ነበር። ይህ ለአንድ ሕፃን የጥቂት ወራት ዕድገት ነው።