ሕግ አይገዛንም ባዮቹና ደንባቸው

በሞተረኛ ክለብ አባል ጥቁር የቆዳ ሰደርያ ጀርባ ላይ ሦስት ጨርቅ ይሰፋል፤ ከላይ የክለቡ ስም፣ ከመሐል ዓርማው፣ ከታች ክለቡ የኔ የሚለው አካባቢ። ደረት ላይ ደግሞ «1%» የምትል ትንሽ ጨርቅ ትለጠፋለች፤ ከመቶ ሞተረኛ ዘጠና ዘጠኙ ሕግ አክባሪ ከሆነ እኛ ቀሪው አንዱ ነን ማለታቸው ነው። ይህን ለጥፎ የሚዞር ሰው የማንንም ትእዛዝ የሚሰማ አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ1948 ካሊፎርኒያ ውስጥ እንደተመሠረተው ሄልስ ኤንጅልስ ባሉ ክለቦች ያለው ኑሮ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ከመንግሥት ሕግ የሸሸው ሰው የባሰ የጠበቀ ደንብ ውስጥ ይገባል።

አሠራሩ ከእድር ብዙ አይርቅም፤ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፣ ስብሰባው ቋሚ ነው፣ መዋጮ ግዴታ ነው። ለመግባት ደግሞ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ በእጩነት ማገልገል ግድ ይላል። እጩው የቆሙ ሞተሮችን ይጠብቃል፣ ቢራ ያቀርባል፣ በውድቅት ሌሊት ቢጠሩትም ይሄዳል፤ ድምፅ ግን የለውም። ሴትማ ጨርሶ አባል አትሆንም፤ ነፃነት ሲሉ የማንን እንደሆነ ከዚሁ ይታወቃል። ያን ሁሉ አልፎ ያገኘው ዓርማም ቢሆን የክለቡ ንብረት ነው፣ ሲወጣ ይመልሳል። ሄልስ ኤንጅልስ ዓርማውን በንግድ ምልክትነት አስመዝግቦ በ2006 ዲዝኒን፣ በ2010 የአሌክሳንደር ማክዊንን የፋሽን ድርጅት ከስሷል። ሕግ አይገዛንም ባይ ጠበቃ ይዞ ፍርድ ቤት ሲመላለስ ፈገግ ያሰኛል።

ደንቡ የወንጀል መሸፈኛ ነው የሚሉ አሉ። ገሚሱ እውነት ነው፤ በአደንዛዥ ዕፅ ንግድና በግድያ የተፈረደባቸው አባላት ጥቂት አይደሉም። ከ1994 እስከ 1997 ሄልስ ኤንጅልስና ባንዲዶስ የተባለው ሌላ ክለብ በስካንዲኔቪያ ሲጋደሉ ከጦር ሠራዊት የተሰረቀ ፀረ ታንክ መሣሪያ ሳይቀር ተተኩሷል። መሸፈኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ገልጦ ማሳየት ባላስቸገረ። በ1979 የሄልስ ኤንጅልስ የኦክላንድ ቅርንጫፍ መሪ ሰኒ ባርገርና ሌሎች አባላት የተደራጀ ወንጀልን ለመዋጋት በወጣው ሕግ ሲከሰሱ፣ መከላከያቸው ጥፋቱ የግለሰብ እንጂ የክለቡ አይደለም የሚል ነበር፤ ዓቃቤ ሕግም በዚያ ክስ ባርገርን ማስፈረድ አልቻለም። ወንድማማችነቱስ የሚል ቢኖር፣ እሱም አለ፤ የታሰረን ይጠይቃሉ፣ የሞተን በሞተር ሰልፍ ይሸኛሉ። ተጣልቶ የተባረረውን ግን የትናንት ወንድሞቹ ዓርማውን ቀምተው ሰላምታም ይነፍጉታል፤ ወንድምነቱ ከሰውየው ይልቅ ከጨርቁ ጋር የተሰፋ ነው። ይህ የአሜሪካ መንግሥትም የገባው ይመስላል፤ ሞንጎልስ የተባለውን ክለብ ራሱን ከስሶ በ2018 ካስፈረደ በኋላ ዓርማው እንዲወረስለት ጠየቀ። ዳኛው በ2019 የመናገር ነፃነትን ጠቅሰው ጥያቄውን ውድቅ አደረጉ፤ ክለቡም 500 ሺህ ዶላር ተቀጥቶ ዓርማውን ይዞ ቀረ።