መጠጥ ማቆም ለምትፈልጉ፦ ስብሰባው የት ነው?

በቪዲዮው ቸኩዬ ያለፍኩትን ዛሬ በጽሑፍ ላስረዳ።

ሌሊት ታክሲ ስነዳ የጠጣ ሐበሻ ብዙ ጊዜ ቤቱ አድርሻለሁ። አንዱ ከመውረዱ በፊት «ወንድሜ፣ ማቆም እፈልጋለሁ። ግን ለማን ልንገር? ነገ ከተማው ሁሉ ይሰማል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ብዙዎቻችንን የያዘን መጠጡ ብቻ ሳይሆን ወሬውም ነው።

አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ በአጭሩ ኤኤ፣ በ1935 አክረን፣ ኦሃዮ የተጀመረ የጠጪዎች መረዳጃ ነው። ክፍያ የለውም፤ የአባት ስም አይጠየቅም። የሚፈለገው ለማቆም መፈለግ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይሰበሰባሉ እንጂ የየትኛውም ሃይማኖት አይደለም፤ ሙስሊሙም ይገባል።

እንዴት ይገኛል? አሜሪካና ካናዳ ያላችሁ «ሚቲንግ ጋይድ» የሚባለውን አፕ በነፃ ጫኑ፤ ቅርባችሁ ያለውን ስብሰባ ከነሰዓቱ ያሳያል። «ኦፕን» የሚለው ለማንም ክፍት ነው፤ «ክሎዝድ» ማቆም ለሚፈልግ ብቻ። ሐበሻ እንዳያያችሁ ከፈራችሁ ራቅ ያለ ሰፈር ሂዱ። ሌላ አገር ያላችሁ ደግሞ በዙም የሚካሄዱ አሉ። መናገር ግዴታ አይደለም፤ ቁጭ ብሎ መስማት ይበቃል። ለጠጪው ቤተሰብ ደግሞ አል-አኖን አለ።

አደራ፦ በየቀኑ በብዛት የሚጠጣ ሰው በአንዴ ቢያቆም ሊያንዘፈዝፈው፣ ለሕይወቱም ሊያሰጋው ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ያማክር።

ለዚያ ልጅ ያን ሌሊት መልስ አልነበረኝም። ይህ ለእሱ ነው፤ የምታውቁት ካለ አድርሱለት።