ከጥርስ መሰርሰሪያ የሚነሣው ጉም

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የዓለም ጤና ድርጅት፣ ቫይረሱ በስፋት በሚሠራጭበት አካባቢ አጣዳፊ ያልሆነ የጥርስ ሕክምና እንዲዘገይ መከረ። ለምን ይሆን?

ፈጣኑ የጥርስ መሰርሰሪያ በደቂቃ 300,000 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል። ጥርሱ እንዳይግል የሚረጨው ውኃ ከታካሚው ምራቅ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ጉም ይበተናል። በረጋ አየር ውስጥ የደቃቅ ጠብታ የመውደቅ ፍጥነት ከዲያሜትሩ ስኩዌር ጋር ይመጣጠናል፤ ዲያሜትሩ በ10 እጥፍ ሲያንስ ፍጥነቱ በ100 እጥፍ ይቀንሳል። ስለሆነም ከ1.5 ሜትር ከፍታ የተነሣ ባለ 10 ማይክሮሜትር ጠብታ ወለል ለመድረስ 8 ደቂቃ ያህል ሲፈጅበት፣ ባለ 1 ማይክሮሜትሩ ግን ግማሽ ቀን ያህል ይንሳፈፋል።

እዚህ ላይ ዕውቀትና ልማድ ይለያያሉ። ወንበሩን በአልኮል ጠርጎ፣ ጓንቱን ቀይሮ፣ ታካሚው እንደወጣ ጭምብሉን የሚያወልቅ ባለሙያ ግዴታውን የፈጸመ ሊመስለው ይችላል። አየሩን ግን አልጠረገውም። ተራው የሕክምና ጭምብልም በጎንና በጎኑ አየር ያስገባል፤ ፊት ላይ በሚገባ የሚገጥመው ኤን-95 ይሻላል።

የክፍሉ አየር በሰዓት 6 ጊዜ ቢቀየር 99 በመቶውን ብናኝ ለማስወገድ 46 ደቂቃ ይወስዳል፤ 12 ጊዜ ቢቀየር ደግሞ 23 ደቂቃ ይበቃል። የአየር ማናፈሻ መሣሪያ በሌለበት፣ እንደ መርሳ ባለ ሞቃት ከተማ፣ ትይዩ መስኮቶችን መክፈት ርካሹ መድኃኒት ነው። የቲቢ ባክቴሪያም በአየር ይተላለፋልና፣ ትምህርቱ ከወረርሽኙ ጋር አያልፍም።