መሬታችን ምን ያህል ተጎዳ? በእንጨት፣ በገመድና በጣሳ እንለካ



ፊደል ቆጥረናል። ቁጥር ጽፈናል። መደመርና ማባዛትም ለምደናል። ዛሬ ደግሞ በዚያው በተማርነው ቁጥር መሬታችንን እንለካለን። የምንለካው ስፋቱን አይደለም። ስፋቱንማ እናንተ በጥማድ ታውቁታላችሁ። የምንለካው ጉዳቱን ነው። ሰው ሲያርሰው፣ ከብት ሲረግጠው፣ ዛፉ ሲቆረጥ መሬቱ ምን ያህል ተጎዳ? ቢከለልና እርከን ቢሠራለትስ ምን ያህል ዳነ?

“ይህ ምን መለካት ያስፈልገዋል? በዓይናችን እናየው የለም ወይ?” ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ታዩታላችሁ። ነገር ግን አፈር በአንድ ቀን ተነሥቶ አይሄድም። በየክረምቱ ጥቂት ጥቂት እያለ ነው የሚሄደው። ጥቂት ጥቂት የሚሄደውን ነገር ደግሞ ዓይን ይለምደዋል። በደብተር የተጻፈ ቁጥር ግን አይለምድም፤ አይረሳምም።

አፈር በኩንታል ሲቆጠር

በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1981 ጀምሮ በአገራችን የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች ተቋቁመው ነበር። አንዱ በወሎ ማይባር፣ አንዱ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ አንዱም በጎጃም አንጀኒ ነው። ሥራውን ከመሩት አንዱ ሐንስ ሁርኒ የሚባል የስዊዘርላንድ ተመራማሪ ነበር።

አለካኩ እንዲህ ነው። ከተዳፋት ማሳ ላይ ቁራጭ መሬት ይመረጣል። ከውጭ ጎርፍ እንዳይገባበት ዙሪያው ይታጠራል። ከግርጌው ገንዳ ይቀመጣል። ዝናብ ሲዘንብ ከዚያ መሬት የሚወርደው ውሃና አፈር ወደ ገንዳው ይገባል። ከዚያ በኋላ ይለካል፣ ይመዘናል፣ ይጻፋል።

ሁርኒ በፈረንጆች 1988 ባወጣው ግምት ከአንድ ሄክታር የእህል ማሳ በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል። አንድ ቶን 10 ኩንታል ነው። ስለዚህ 42 ቶን ማለት 420 ኩንታል ነው። በብዙ ቦታ አንድ ሄክታር አራት ጥማድ ያህል ይሆናል። 420 ኩንታልን ለአራት ስናካፍል ለአንድ ጥማድ 105 ኩንታል ይደርሳል። አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ቢጭን 210 ጭነት መሆኑ ነው። በየዓመቱ ከአንድ ጥማድ ማሳችሁ 210 አህያ ጭኖ የሚሄድ ሌባ ቢመጣ ዝም ትሉት ነበር?

በዚያው ግምት ከአንድ ሄክታር የግጦሽ መሬት የሚታጠበው 5 ቶን ነው። ከደን የሚታጠበው ደግሞ 1 ቶን ብቻ ነው። ይህ የአገር አማካይ ነው። ዳገት ላይ ይበልጣል፣ ሜዳ ላይ ያንሳል። ቢሆንም ነገሩ ግልጽ ነው። ዝናብ ሁሉም ላይ ይዘንባል። የሰው እጅ በበዛበትና አፈሩ ራቁቱን በቀረበት ቦታ ግን ጎርፉ ብዙ ይወስዳል።

42 ቶን አፈር ከማሳው ላይ ሲነሣ ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር ያህል ነው። የሽንብራ ፍሬ ግማሽ ማለት ነው። ማን ያየዋል? በ50 ዓመት ግን 20 ሳንቲሜትር፣ አንድ ስንዝር ያህል ይሆናል። አባት አርሶ ለልጁ ሲያወርስ አንድ ስንዝር አፈር ጎድሎ ነው የሚያወርሰው።

የድሮ ፎቶግራፍ ምን ይናገራል?

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ወደ መቅደላ ሲሄድ በትግራይ በኩል አለፈ። ከጦሩ ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ። የመንገዱን ተራራና ሸለቆ አነሡ። ከ140 ዓመት ገደማ በኋላ ያን ኒሰን የሚባል የቤልጅግ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ወደነዚያው ቦታዎች ሄደ። በአንድ ቦታ ቆመው፣ ያንኑ ተራራ እንደገና አንሥተው ሁለቱን ፎቶግራፎች አስተያዩ። ውጤቱም በፈረንጆች 2009 ታተመ።

ምን ተገኘ? ብዙ ሰው “ድሮ ሁሉም ደን ነበር፤ አሁን ሁሉም በረሃ ሆነ” ይላል። ፎቶግራፉ ግን ሌላ ነገር አሳየ። በ1860 ዓ.ም. ብዙው ተራራ ቀድሞውኑ የተራቆተ ነበር። ኋላ በተነሣው ፎቶግራፍ ላይ ግን እርከን ይታያል፤ ዛፉም በብዙ ቦታ ጨምሯል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሰው የጎዳው መሬት ሰው ሲያክመው ሊያገግም ይችላል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ እንበል። ከጨመረው ዛፍ አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ ወደ አገራችን የገባው በኋላ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ማገርና ማገዶ ይሆነናል። የወይራንና የዝግባን ቦታ ግን አይተካም። ስለዚህ “ምን ያህል ዛፍ አለ?” ብቻ ሳይሆን “ምን ዓይነት ዛፍ?” ብለንም እንቁጠር።

በምን እንለካ?

ታዲያ እኛ ገንዳና ሚዛን የለንም። ምን ይሁን? አራት ቀላል መንገዶች አሉ።

1ኛ. በእንጨት። ሁለት ክንድ የሚሆን ጠንካራ እንጨት በግጦሽ መሬት ላይ አጥብቃችሁ ትከሉ። ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ላይ በቢላ ምልክት አድርጉ። ክረምቱ ሲያልፍ እዩት። ምልክቱ ከአፈሩ በላይ ከሆነ አፈር ሄዷል። ከተቀበረ ደግሞ አፈር መጥቶበታል። አንድ እንጨት ሊያታልል ይችላል፤ ስለዚህ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ትከሉ።

2ኛ. በገመድ። የቦረቦሩን ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት ከክረምት በፊትና በኋላ ለኩ። ቦረቦሩ 10 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ስፋት፣ 1 ሜትር ጥልቀት ቢኖረውና ግድግዳው ቀጥ ያለ ቢሆን 10 × 2 × 1 = 20 ሜትር ኩብ አፈር ሄዷል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከ10 ኩንታል በላይ ይመዝናል። እንግዲህ 20ው ስንት ኩንታል እንደሚሆን እናንተ አስሉት።

3ኛ. በጣሳ። ላይና ታቹ የተቆረጠ ጣሳ ሦስት ጣት ያህል አፈር ውስጥ አስገቡ። አንድ ኩባያ ውሃ ጨምሩበትና ውሃው እስኪሰርግ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጻፉ። ይህንን በአንድ ቀን በሦስት ቦታ አድርጉ፦ ከብት በረገጠው ግጦሽ፣ ከብት በተከለከለ መሬት፣ በቆየ ዛፍ ጥላ ሥር። ውሃው ቶሎ ካልሰረገ ዝናቡም አይሰርግም፤ ጎርፍ ሆኖ ይሄዳል።

4ኛ. በፎቶግራፍ። የእጅ ስልክ ያለው ልጅ ከአንድ ድንጋይ ላይ ቆሞ በየዓመቱ ያንኑ ቦታ ያንሣ። ወሩም አንድ ይሁን። የመስከረምን አረንጓዴ ከሚያዝያ ደረቅ ጋር ማስተያየት ፍርድ ያጣምማል።

ጤነኛውን መሬት ለማወቅ የደብር ደን ይረዳናል። ወይራው፣ ጥዱና ዋንዛው እዚያ ተርፏል። ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉ ኢትዮጵያዊ የደን ተመራማሪ የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች አጥንተዋል። እዚያም ቢሆን ከብት ሲገባ ችግኙ እየተበላና እየተረገጠ ተተኪ ዛፍ ይጠፋል። በአንዳንድ ደብሮች ሕዝቡ ከማሳው ላይ ድንጋይ ለቅሞ ደኑን በካብ አጠረ። ማሳውም ከድንጋይ ጸዳ፣ ደኑም ተጠበቀ።

ከለካን በኋላስ?

ለሁሉም በሽታ አንድ መድኃኒት የለም። መሬትም እንደዚሁ ነው። ጉቶውና ሥሩ በሕይወት ካለ፣ መከለል ብቻውን ብዙ ይሠራል። በወላይታ ሁምቦ በፈረንጆች 2006 በተጀመረ ሥራ ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ ተከለለ። አብዛኛው ዛፍ የበቀለው ከድሮው ጉቶና ሥር ነው። አፈሩ አልቆ ጭንጫ የወጣበት ቦታ ግን መጀመሪያ እርከንና ውሃ መያዣ ይፈልጋል። ቦረቦር ክትር ይፈልጋል፤ ከላይ የሚመጣው ጎርፍም መቀነስ አለበት። ዝናብ በሚበዛበት አገር ደግሞ እርከኑ ውሃ ማስወጫ ከሌለው ማሳው ውሃ ተኝቶበት እህሉ ይበላሻል።

አሁን ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። የወል ግጦሹ ቢከለል ሁለት ፍየል ብቻ ያላቸው እናት ፍየሎቻቸውን የት ያሰማሩ? ይህን ሳይመልሱ መከለል ጠብ ያመጣል። ገበሬው ሳይመክርበት በትእዛዝ የተሠራ እርከን በየቦታው ፈርሶ አይተናል። ስለዚህ የሚታጨደውንም ሣር እንለካ። ከተከለለው መሬት ስንት ሸክም ሣር ታጨደ? ለማን ስንት ደረሰ? መጀመሪያ የሚከለለው የትኛው ነው? ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመዝጋት በልኬቱ በጣም የተጎዳውን ዘግቶ ሌላውን ለከብት መተው ይሻላል።

በዚህ ሳምንት ይህን ሥሩ። በደብተራችሁ ላይ አራት ዓምድ አስምሩ። በመጀመሪያው የቦታውን ስም፣ በሁለተኛው ቀኑን፣ በሦስተኛው ከክረምት በፊት የለካችሁትን፣ በአራተኛው ከክረምት በኋላ የምትለኩትን ጻፉ። ዘንድሮ አራተኛው ዓምድ ባዶ ይቆይ። ክረምቱ ሲወጣ ሞልታችሁ ወደ ቀበሌው ስብሰባ ይዛችሁት ሂዱ። “መሬቱ ተጎድቷል” ለሚለው ብዙ ተቃዋሚ ይኖራል። “በዚህ ክረምት በዚህ ቦታ ሦስት ጣት አፈር ሄዷል፤ ቁጥሩ ይኸውና” ለሚለው ግን መልስ መስጠት ግድ ይሆናል።