ከቃጠሎ በኋላ ቤት መሥራት፦ የበጎ ፈቃድ ጉልበትና የልገሳ ገንዘብ እስከ ምን ድረስ?



እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2018 ከአንድ አሮጌ የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመር የተነሣ የሰደድ እሳት በካሊፎርኒያ የምትገኘውን የፓራዳይዝን ከተማ አወደመ። 85 ሰዎች ሞቱ፤ በአካባቢው ከ18,000 በላይ ሕንፃዎች ወደሙ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ላስረዳ። በአሜሪካ ቤት በብድር የገዛ ሰው ኢንሹራንስ እንዲገባ ባንኩ ያስገድደዋል። ዕዳውን ከፍሎ የጨረሰ ጡረተኛን ግን የሚያስገድደው የለም። ፓራዳይዝ ደግሞ የጡረተኞች ከተማ ነበረች። የፌዴራሉ መንግሥት ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው የቤት እርዳታ በዚያን ጊዜ ከ35,000 ዶላር አይበልጥም ነበር። በዚህ ገንዘብ ቤት አይሠራም። በጎ ፈቃደኞች የሚገቡት በዚህ ክፍተት ነው።

አሠራሩ ከእኛ ደቦ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። ለደቦ የሚወጣው ጎረቤት ሥራውን ያውቀዋል፤ ውለታውም በተራው ይመለስለታል። ለምሳሌ በ1950 በካንሳስ በተመሠረተው በሜኖናይቶች የአደጋ አገልግሎት በኩል የሚመጣው ሰው ከሩቅ ይመጣል፣ ጥቂት ሳምንታት ይሠራል፣ ይሄዳል። ሥራውን በለመደ ማግሥት በአዲስ ሰው ይተካል። ስለዚህ ወራት የሚቆይ የግንባታ ኃላፊ ከሌለ ግድግዳው ቀጥ ብሎ አይቆምም።

ጉልበቱ ነጻ ቢሆንም ሲሚንቶው፣ እንጨቱና የግንባታ ፈቃዱ ይከፈልባቸዋል። የካሊፎርኒያ የሕንፃ ደንብም በአደጋ ቀጣናዎች እሳት የማይዘው ጣሪያና ፍም የማያስገባ የአየር ማስተንፈሻ ያዛል።

ለጋሾች እጃቸውን የሚዘረጉት ጭሱ ገና በቴሌቪዥን በሚታይበት ሰሞን ነው። በእነዚያ ወራት ግን ቤት መሥራት አይቻልም። ፍርስራሹ መነሣት፣ አፈሩ መመርመር አለበት፤ በፓራዳይዝ የውኃ ቧንቧዎቹ ሳይቀሩ በቤንዚን ኬሚካል ተበክለው ተገኝተዋል። እኔም በአንድ ወቅት የእርዳታ ገንዘብ ይዞ መቆየትን እንደ ንፍገት እቆጥረው ነበር፤ ዛሬ ግን በመጀመሪያው ወር ካዝናውን ባዶ ያደረገውን ድርጅት ይበልጥ እጠራጠራለሁ።

አሁንም መልስ ያላገኘሁለት ጉዳይ አለ። በጎ ፈቃደኞች ቤት የሚሠሩት መሬት ላለው ሰው ነው። ተከራዩና ተንቀሳቃሽ ቤቱን በሌላ ሰው መሬት ላይ ያቆመው አዛውንት መሠረት የሚጣልበት ቦታ የላቸውም። በጥያቄው ክፍለ ጊዜ ከዚህ ብንጀምር ደስ ይለኛል።