ሕመም የሌለው ቃጠሎ

በደብረ ማርቆስ ሆስፒታልም ይሁን በደጀን ወይም በቢቸና በኩል ያለ ጤና ጣቢያ፣ አክታ በማይክሮስኮፕ በሚታይበት ላቦራቶሪ ውስጥ ጠቆር ያለ ቀይ ቀለም የያዘ ጠርሙስ አይጠፋም። ካርቦል ፉክሲን ይባላል። ሳል ጠንቶበት አክታውን ሰጥቶ ደጅ ላይ ውጤት የሚጠብቀው ሰው ይህን ጠርሙስ አያየውም፤ የምርመራው ውጤት ግን በእሱ ላይ የቆመ ነው። የቲቢ ባክቴሪያ ሰም መሰል ሽፋን ስላለው ተራ ቀለም በቀላሉ አይዘልቀውም። ቀለሙን በሽፋኑ አሳልፈው የሚያስገቡት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ከስላይዱ ሥር የሚለኮሰው እሳትና ከቀለሙ ጋር የተደባለቀው ፌኖል። ሮበርት ኮክ ባክቴሪያውን ማግኘቱን በርሊን ላይ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 ነበር። በዚያው ዓመት ፍራንዝ ዚል ፌኖልን ወደ ቀለሙ አስገባ፤ በዓመቱ ፍሪድሪክ ኔልሰን አሠራሩን አስተካከለ፤ ዘዴው እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል። አንድ ሊትር ካርቦል ፉክሲን ለመሥራት 3 ግራም የፉክሲን ዱቄት፣ 100 ሚሊ ሊትር አልኮልና 50 ግራም ፌኖል ይበቃል፤ የቀረው የተጣራ ውሃ ነው። ይህ ምዕራፍ ስለዚያ 50 ግራም ነው። የምከራከርለትም ነጥብ አንድ ነው፦ ፌኖል የሚያስፈራው ስለሚያቃጥል ብቻ ሳይሆን፣ ሲያቃጥል ስለማያስታውቅ ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው ኬሚካሉ ገላን ከመንካቱ በፊት ካልተደረገ፣ ከነካ በኋላ የሚቀሰቅሰን ስሜት የለም።

ፌኖል ለሕክምና ባዕድ አይደለም። ጀርመናዊው ፍሪድሊብ ሩንገ እ.ኤ.አ. በ1834 ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ለይቶ አወጣው። ጆሴፍ ሊስተር በ1865 ግላስጎው ውስጥ አጥንቱ ተሰብሮ በተከፈተ ቁስል ላይ ተጠቀመበት፤ ቁስሉም ሳያመረቅዝ ዳነ። ካርቦሊክ አሲድ በሚለው በቀድሞ ስሙ የቀዶ ሕክምናን ታሪክ ለወጠ ማለት ይቻላል። ሊስተርና ተከታዮቹ በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ በአየር ላይ ሳይቀር ይረጩት ነበር፤ የሐኪሞቹን እጅና ሳንባ ስላስቸገረ፣ ጥቅሙም አጠራጣሪ ስለሆነ በኋላ ራሱ ሊስተር ተወው። ፌኖል ጀርምን የሚገድለው ፕሮቲኑን በማበላሸት ነው። የእኛም ቆዳ ፕሮቲን ስለሆነ፣ ኬሚካሉ በጀርሙና በሐኪሙ መካከል አይለይም።

ቆዳ ላይ የወደቀ ጥቅጥቅ ያለ ፌኖል መጀመሪያ ቦታውን ነጭ ያደርገዋል። ወዲያው የነርቭ ጫፎቹን ያደነዝዛል፤ ይኸው ባሕርይው በጉሮሮ ሕመም ማስታገሻዎች ውስጥ እንዲገባ አድርጎታል። ስለዚህ ባለሙያው ብዙውን ጊዜ የሚያየው የነጣ ቆዳ እንጂ የሚሰማው ሕመም አይደለም። እሱ ሥራውን ሲቀጥል ፌኖሉ በቆዳው ውስጥ ዘልቆ ደም ውስጥ ይገባል፤ የልብ ምትን ያዛባል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ራስን ያስታል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። ሰፊ የገላ ክፍል ከነካ ሰውን በደቂቃዎች ውስጥ ሊጥል ይችላል። ሲዋጥ ደግሞ 1 ግራም ያህሉ እንኳ ሰው እንደገደለ በሕክምና መዛግብት ሰፍሯል። አሲድ የነካው ሰው ጮኾ ወደ ውሃ ይሮጣል፤ ፌኖል የነካው ሰው ግን የያዘውን ሳይጨርስ ላይነሳ ይችላል።

እዚህ ላይ የመድኃኒት ባለሙያ ሊሞግተኝ ይችላል፤ ፌኖል በየቀኑ ሰው ላይ የሚወጋ ነገር አይደለም ወይ? ነው። ኤንፒኤች የሚባለው ኢንሱሊን ለምሳሌ ጀርም እንዳይራባበት በአንድ ሚሊ ሊትር 0.65 ሚሊ ግራም ፌኖል አለው። 40 ዩኒት የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ 0.4 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሩብ ሚሊ ግራም ያህል ፌኖል ያገኛል። ወደ ካርቦል ፉክሲኑ እንመለስና እናስላ። 5 በመቶ ፌኖል ማለት በአንድ ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው፤ አንድ ስላይድ ለመሸፈን እስከ 5 ሚሊ ሊትር ቢፈስ 250 ሚሊ ግራም ይሆናል፣ ከመርፌው ሺህ እጥፍ ገደማ። ክሪስታሉን የያዘው የ500 ግራም ጠርሙስ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ሂሳብ ውጭ ነው። መድኃኒት ሆኖ መጻፉ ስለ መጠኑ ይነግረናል እንጂ ስለ ጠርሙሱ ዋስትና አይሰጥም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይጠነክራል፤ የሚመጣውም ከራሳቸው ከላቦራቶሪ ሰዎች ነው። ዘመናችንን ሙሉ በዚህ ቀለም ስንሠራ አንዳች አልነካንም ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ግን የሚመሰክሩት ስለ ተበረዘው ቀለም ነው። በጣታቸው ላይ የቀረው ቀይ ነጠብጣብ 5 በመቶ ነበር፣ ያውም ጥቂት ነበር፣ ቶሎም ታጥቧል። ክሪስታሉን መመዘን ሌላ ሥራ ነው፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚሠራ፤ አልፎ አልፎ የሚሠራ ሥራ ደግሞ ልምድ አያስተምርበትም። በአፍንጫዬ አውቀዋለሁ የሚልም አለ። ይህም ከፊሉ እውነት ነው፤ የፌኖል ሽታ በአየር ውስጥ በጣም ጥቂት ሳለ ጀምሮ ይታወቃል። ነገር ግን አፍንጫ ከሽታው ጋር እየዋለ ይለምደዋል፤ ከዚያም በላይ ትልቁ መግቢያ ቆዳ ሆኖ ሳለ ዘብ የቆመው አፍንጫ ላይ ነው።

የጎጃም ደጋ በዚህ ላይ የራሱን ይጨምራል። ፌኖል የሚቀልጠው 41 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በደብረ ማርቆስ ብርድ ምንጊዜም ጠጣር ነው። ከአዲስ አበባ ሲመጣ ግን የዓባይን በረሃ ይሻገራል። የመኪናው ጭነት በፀሐይ ግሎ ከ41 ዲግሪ ካለፈ ክሪስታሉ እዚያ ቀልጦ፣ ደጋው ላይ ሲወጣ አንድ ድፍን ድንጋይ ሆኖ ይረጋል። ጠርሙሱን የሚከፍተው ሰው ፈተናው ይህ ነው፤ በማንኪያ ወይም በስፓቱላ መፈልፈል። ስባሪው ይፈናጠራል፣ ዓይንና ክንድ ላይ ያርፋል። ትክክለኛው መንገድ ክዳኑን ላላ አድርጎ ጠርሙሱን እስከ 60 ዲግሪ በሚደርስ ሙቅ ውሃ ውስጥ ማቆየትና የቀለጠውን መመዘን ነው። እሳት ላይ መጣድ አይቻልም፤ ፌኖል ወደ 79 ዲግሪ ሲደርስ ተኑ ይቀጣጠላል። ስላይዱን ማሞቅም ከፍታውን ማሰብን ይጠይቃል። 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ነው፤ እንፋሎት ይውጣ፣ አይፍላ የሚለው የታወቀ መመሪያ እዚህ ከቆላው ይልቅ ጠባብ ነው። ቀለሙ ሲፈላ ይፈናጠራል፣ የፌኖሉም ተን ወደ ፊት ይነሳል። መስኮቱን በብርድ ምክንያት ዘግቶ ማሞቅ ያልተጻፈ ልማድ ነው፤ አየር የሚስብ ሣጥን በሌለበት ቤት ግን ከጋቢ ይልቅ መስኮት ያስፈልጋል።

ስስ የላቴክስ ጓንት ጥቅጥቅ ያለውን ፌኖል ለረጅም ጊዜ አያግድም፤ ለመመዘኛው ወፍራም የኒዮፕሪን ወይም የቡቲል ጓንት፣ ዓይንን ዙሪያውን የሚከድን መነጽርና ረጅም ጋውን ይፈለጋል። ቆዳን ከነካ ልብሱን ወዲያው ማውለቅ፣ ፖሊኢቲሊን ግላይኮል 300 ወይም 400 ካለ ደጋግሞ መጥረግ፣ ከሌለ ደግሞ በብዙና በኃይል በሚወርድ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል። «ብዙ» የምለው በምክንያት ነው፤ እፍኝ ውሃ ፌኖሉን በርዞና አሰራጭቶ ይበልጥ እንዲሰርግ ሊረዳው ይችላል። ቧንቧ በሚቋረጥበት ጤና ጣቢያ ስለዚህ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ቧንቧ ያለው በርሜል የላቦራቶሪው ዕቃ ነው እንጂ የጽዳት ሠራተኞች ብቻ አይደለም። በየክፍሉ የማይጠፋው በረኪናም ከቀለሙ ሥራ ከሚወጣው ቆሻሻ ጋር አይገናኝ፤ ከፌኖል ጋር መርዛማ ክሎሮፌኖል ይሠራል፣ ትርፍ ቀለሙ ከስላይዱ ከሚታጠብበት አሲድ አልኮል ጋር ደግሞ የክሎሪን ጋዝ ይለቃል። ቆሻሻውን በቦይ ለቆ ወደ ጨሞጋ ወንዝ እንዲወርድ ማድረግ ጉዳቱን ወደ ታች መግፋት ነው።

ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የቲቢ መመርመሪያ መሣሪያ መጥቶ የለም ወይ፣ ይህ ሁሉ ያለፈበት አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት መሣሪያውን ከደገፈው ከእ.ኤ.አ. 2010 ወዲህ ምርመራው እውነትም ተለውጧል። ነገር ግን መሣሪያው የሞተውንም ባክቴሪያ ዘረመል ስለሚያነብ ታካሚው በመድኃኒት እየዳነ መሆኑን ለመከታተል አይበጅም፤ ለዚያ ዛሬም ስላይድ ይቀባል። በኤልኢዲ ማይክሮስኮፕ የሚታየው የኦራሚን ቀለምም 3 በመቶ ፌኖል አለው። ከጂን ኤክስፐርቱ ጋር የሚመጣው ፈሳሽ ራሱ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድና አልኮል ነው። ኬሚካሉ ስሙን እየለወጠ ይቀጥላል።

እንግዲህ የሚያዋጣው፣ በእኔ ፍርድ፣ ክሪስታሉን የሚነኩትን እጆች መቀነስ ነው። ሃያ ጤና ጣቢያ እያንዳንዱ በየራሱ ከሚመዝን፣ አንድ ሆስፒታል አየር የሚስብ ሣጥንና የሠለጠነ ሰው ይዞ ለሁሉም ቢያዘጋጅ፣ አደገኛው ሰዓት ከሃያ ቦታ ወደ አንድ ይወርዳል። ቀለም በመንገድ ይፈሳል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ የፈሰሰው 5 በመቶ ግን ከተፈለፈለ ክሪስታል ጋር አይወዳደርም። ካርቦል ፉክሲን በጥቁር ጠርሙስ ለወራት ስለሚቆይ መጓጓዣው በየሳምንቱ አይደለም፤ በአንድ እጅ የተሠራ ቀለምም ከመላኩ በፊት በታወቀ ስላይድ ሊፈተሽ ይችላል። ጠርሙሱ ላይ የተዘጋጀበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የፌኖሉ መጠንና የአዘጋጁ ፊርማ ይሰፍርበታል፤ ለጤና ጣቢያው የሚደርሰው ስላይድ የሚቀባበት ቀለም ይሆናል፣ የ500 ግራሙ ጠርሙስም ሆስፒታሉ ውስጥ ተቆልፎበት ይቀራል።